ያላየሁትን ሞት ያወራሁበት ዓመት

ቁጭ ባላችሁበት ልባችሁ ያለ ምክንያት የሚዘል፣ እጃችሁን የሚያልባችሁ፣ «አሁንስ አለቀልኝ» የምትሉ ሰዎች ካላችሁ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ፤ የማውቀው ፋይል ማስቀመጥና ማውጣት ነው። ስለዚህ መድኃኒት አላዝላችሁም። የደረሰብኝን ብቻ እነግራችኋለሁ፤ ያየሁትን አየሁ ብዬ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብዬ። እነዚህን ሁለቱን መለየት የተማርኩት ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ነው፤ ያስተማረኝም የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ነው።

ስሜ አስካለ ነው። ተወልጄ ያደግሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ነው። አባቴ የሃዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። ያን ጊዜ አዋሽ ማለት ባቡር ማለት ነው። ከድሬዳዋ የሚመጣው ሲቃረብ ሰፈሩ በሙሉ ይነሳል፤ የተቀቀለ እንቁላል የምትሸጠው፣ ብርቱካን የሚያዞረው፣ ዘመድ የሚጠብቀው፣ ምንም ጉዳይ የሌለውም ጭምር። ያ ሁሉ ግርግር ለሃያ ደቂቃ ነበር። ባቡሩ ሲሄድ ከገደሉ የሚመጣው ነፋስና የጣቢያው ቡገንቪሊያ ብቻ ይቀራሉ። ያ ዝምታ ዛሬም ይናፍቀኛል።

አባቴ የባቡሩን መምጣት ከሁሉም ሰው ቀድሞ ያውቅ ነበር። ማለዳ ብረቱ ሳይግል ሃዲዱ ላይ መዳፉን ያሳርፍና ዓይኑን ይጨፍናል። እኔንም አስጎንብሶ እጄን ከእጁ አጠገብ ያስቀምጠዋል። «ምን ይሰማሻል?» ይለኛል። «ምንም» እላለሁ። «እንግዲያው ገና ነው» ይላል። እሱን ለማስደሰት ስል «ይሰማኛል» ያልኩበት ቀን ነበር። ሳቀና «የሌለ ባቡር አታምጪብኝ» አለኝ። ይህንን ንግግሩን ለሠላሳ ምናምን ዓመት ረስቼው ነበር።

አባቴ በአርባ ስድስት ዓመቱ ሞተ። ጠዋት በእግሩ ወጥቶ ቀትር ላይ በቃሬዛ ተመለሰ። «ልቡ ነው» ተባለ። ለቅሶው ላይ አንዲት ዘመዳችን ጉንጬን ይዛ «አንቺ ቁርጥ አባትሽን ነሽ» አለችኝ። መልኬን ማለቷ ነበር። እኔ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ሌላ ነገር አድርጌ ሰማሁት። እኔም የእሱ ልብ አለኝ፣ እኔም በእሱ ዕድሜ እሄዳለሁ ብዬ መዘገብኩ፤ ፋይሉንም ዘጋሁት። ማንም አላየውም፣ ማንም አልከፈተውም።

አድጌ፣ ተምሬ፣ ተሾመን አገባሁ። ተሾመ እዚያው አዋሽ የሒሳብ መምህር ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሲናደድ ጠመኔ የሚሰብር ሰው። ምሕረት የምትባል ልጅ ወለድን። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ወደ ሰመራ ሲሰባሰቡ እኔም በዕድገት ወደዚያ ተዛወርኩ። አርባ አምስት ዓመቴ ነበር። ሰመራ ያኔ አዲስ የተቀባ ሕንፃና ብዙ ነፋስ ነበረች፤ ዛፍ ለማየት ወደ አዋሽ ወንዝ ዳር መውረድ ያስፈልጋል። ወደ ጅቡቲ የሚወጡት የጭነት መኪናዎች ሲያልፉ የመዝገብ ቤቱ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ለባቡር ልጅ ያ ድምፅ ክፉ አልነበረም። ስምምነታችን እኔ እንድቀድም፣ ተሾመና ምሕረት በዓመቱ እንዲከተሉኝ ነበር።

አርባ ስድስት ዓመት በሞላኝ በሦስተኛው ወር፣ ሚያዝያ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው በቆመበት ከሰዓት በኋላ ፋይል በብብቴ ይዤ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ስሄድ ልቤ ዘለለ። በመጀመሪያ አንዴ ነው፤ ከዚያ መሮጥ ጀመረ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ጉሮሮዬ ጠበበ፣ ወለሉ ራቀብኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩና በሆዴ «ይኸው መጣ» አልኩ። ልብ በሉ፤ ያኔ እንኳ «ምንድን ነው?» ብዬ አልጠየቅኩም። የምጠብቀው እንግዳ ነበር።

አጠገባችን ሎግያ ከተማ ያለ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድ ተባልኩ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ልቤ ግን ታይፎይድ የሚባል ነገር የሰማ አይመስልም። ሌላ ጋ ስሄድ ወባ ነው ተባለ። ከዚያ ጨጓራ፣ ከዚያ ደም ማነስ። ያን ዓመት ያልተባልኩት «እርጉዝ ነሽ» ብቻ ነው፤ እሱንም አንዱ ጠርጥሯል። ጠበልም ተጠመቅሁ፤ ለሁለት ሳምንት ተሻለኝና ተመልሶ መጣ። በሄድኩበት ሁሉ ከሾፌሮችና ከአራስ ሴቶች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋዬን እጠብቃለሁ። አንድ ቀን እዚያው ወንበር ላይ ሕመሙ ሲይዘኝ አጠገቤ ልጇን ያቀፈች የአፋር ሴት ነበረች። ቋንቋ አንግባባም። ከያዘችው ውኃ የሻሿን ጫፍ ነክራ ማጅራቴ ላይ አሳረፈችልኝና እስኪያልፍልኝ በእጇ ይዛ ቆየች። ውኃው ለልጇ የያዘችው ነበር። ስሟን አላውቅም፤ ዛሬም በጸሎቴ «ያቺ ሴት» እያልኩ አነሳታለሁ።

ሰኔ ላይ ተሾመ መጥቶ አዳማ ወሰደኝ። ረጅም ወረፋ ጠብቀን አንዲት ወጣት ሐኪም ጋ ገባን። ደረቴ ላይ ሽቦ አጣብቀው የልብ ምቴን በወረቀት አወጡት፤ ልቤንም በአልትራሳውንድ አዩት። ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ በእስክሪብቶ እያሳየች አስረዳችኝ። «ልብዎ ደህና ነው» አለችኝ። ያለብኝ ድንገተኛ የፍርሃት ሕመም ነው፤ ሰውነት የሌለውን አደጋ አለ ብሎ ሲሮጥ የሚመጣ ነው። ውሸት አይደለም፣ እብደትም አይደለም፣ ይታከማል። ለጥቂት ወራት የሚወሰድ ኪኒን አዘዘችልኝ። በየቀኑም አሥር ደቂቃ ጸጥ ብዬ ተቀምጬ ትንፋሼ ሲገባና ሲወጣ እንድከታተለው፣ የሚመጣውን ስሜት ሳልታገል እንዳስተውለው ነገረችኝ።

ተሾመ ከደስታው የተነሳ መንገድ ላይ ያገኘውን ብርቱካን ሁሉ ገዛ። እኔ ተቀየምኩ። ሰው «ጤነኛ ነሽ» ሲባል መቀየሙ ያስቃል፤ ግን ተቀየምኩ። አውቶቡስ ውስጥ ብርቱካን እየላጥኩ ማሽኑ ስቷል ብዬ ወሰንኩ። የመዝገብ ቤት ሰው የተዘጋ ፋይል በአንድ ወረቀት አይከፍትም። ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ትንፋሼን ለመከታተል ሁለት ቀን ሞከርኩ፤ ደረቴን ባዳመጥኩ ቁጥር እያንዳንዱ ምት የመጨረሻው እየመሰለኝ ይብስብኝ ነበር። ተውኩት።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሊጀመር ሲል መሥሪያ ቤቱ ቤት ሰጠኝ፤ ሁለት ክፍል፣ ውኃ ያለው። ተሾመ ዝውውሩን ይዞ ልምጣ አለ። እኔ ሙቀቱ ለልጅ አይሆንም፣ ትምህርት ቤቱ ገና ነው፣ ይቆየን አልኩ። እውነቱ ሌላ ነው። በጥር አርባ ሰባት ይሞላኛል፤ ጥርን እንደማላይ እርግጠኛ ነበርኩ። ልጄን በማታውቀው ከተማ እናቷን እንድትቀብር ለምን ላምጣት? ይህን ግን አልነገርኩትም። አንድ ቀን በስልክ ምክንያት ስደረድርለት ሰማኝና ድምፁን ሳያነሳ «አስኩ፣ አንቺ በሕይወት እያለሽ እኔን ሚስቱ የሞተችበት ሰው አደረግሽኝ» አለኝ።

እዚህ ላይ ጋሽ ሁመድ ይገባል። የመሥሪያ ቤታችን የቀን ዘበኛ ነው፤ ስድሳውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ጺሙን በሒና የሚያቀላ አፋር። አማርኛውን የተማረው ከሾፌሮች ነው። የአፋር ሰው ከሌላው ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ወሬ ይለዋወጣል። ዳጉ ይባላል። ዝናብ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋች፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ተናጋሪው ያየውን ከሰማው ይለያል፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይናገራል። ዳጉ የተቀበለ ሰው ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሚቀጥለው የማድረስ ግዴታ አለበት። ውሸት የሰጠን ሰው ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቀውም። ለእነሱ ይህ ትልቅ ውርደት ነው።

ጋሽ ሁመድ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ዳጉ ይጠይቀኝ ነበር። እኔ እንደ ከተሜ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ብዬ ልለፍ ስል በእጁ ያስቆመኛል። «ደህና ዳጉ አይደለም» ይለኛል። ቀስ በቀስ ለመድኩት። ሚሌ ላይ የተገለበጠ መኪና እንዳየሁ፣ ጭፍራ ላይ ዝናብ መጣሉን ከሾፌር እንደሰማሁ እነግረዋለሁ። እሱም ተቀብሎ ራሱን ይነቀንቃል። አባቴን ያስታውሰኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት በሩ ጋ ስደርስ ሕመሙ ያዘኝ። ጋሽ ሁመድ ጥላ ስር አስቀመጠኝና ትንሽ ቆይቶ እንደ ልማዱ ጠየቀኝ። እኔም በመዝገብ ቤት ሰው እርግጠኝነት ልቤ እንዳለቀ፣ ሐኪሞቹ ተስፋ እንደቆረጡ፣ ሳምንቱን እንደማላልፍ ነገርኩት።

«ሐኪሙ ነው ያለው? በጆሮሽ ሰማሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ለመዋሸት ብዬ አይደለም። ለእኔ እውነት ነበር፤ ሐኪም ባይለውም ሊለው ይገባ ነበር። ጋሽ ሁመድ ተነስቶ ወደ መንገዱ ሄደ።

ያን ሰሞን የስልክ መስመር ለሦስት ቀን ተቋርጦ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ፋይል ቦታውን ስቶ ገብቶ አገኘሁና ያስገባውን ጸሐፊ እየተቆጣሁ ሳለ በሩ ተከፈተ። ተሾመ ነበር። ከኋላው እናቴ፣ በአንድ እጇ የጠበል ጠርሙስ፣ በሌላው የልብስ ጥቅል ይዛለች። ጥቅሉን በኋላ ስፈታው ነጭ አዲስ ጨርቅ አገኘሁበት፤ ለምን እንዳመጣችው አልጠየቅኋትም። እናቴ እኔን በሁለት እግሬ ቆሜ ሰው ስቆጣ ስታይ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። ተሾመ ፊቱ አመድ መስሎ በሩን ተደግፎ ቀረ።

የሆነው እንዲህ ነው። ጋሽ ሁመድ ሰው ያለ ዘመድ መሞት የለበትም ብሎ፣ የአዋሽ ልጅ መሆኔንም ያውቃልና፣ ዳጉውን ወደ ሚሌ ፍየል ገበያ ለሚወርድ አማቹ ሰጠ። ከሚሌ አዳይቱ፣ ከአዳይቱ በጭነት መኪና ገዋኔ፣ ከገዋኔ አዋሽ ገባ። በሁለተኛው ቀን ለእናቴ ወተት የምታመጣው ፋጡማ የምትባል የአፋር ሴት ከወተቱ ጋር አደረሰችላት። እኔን ያሸማቀቀኝ ወሬው መድረሱ ብቻ አይደለም፤ ሳይጣመም መድረሱ ነው። በአምስትና በስድስት ሰው አፍ ሲያልፍ አንድ ቃል አልተጨመረም። ተሾመ ቃል በቃል ነገረኝ፦ የመዝገብ ቤቷ አስካለ ታማለች፤ ሳምንቱን እንደማታልፍ ሐኪም ነግሯታል፤ ይህን የሰማው ሁመድ ነው፣ የሰማውም ከራሷ አፍ ነው።

ተሾመ የአዳማዋን ሐኪም ቃል አብሮኝ ሰምቷል። «የትኛው ሐኪም?» አለኝ። ያኔ ነው ሁሉንም የተናገርኩት፤ አባቴን፣ ፋይሉን፣ ጥርን። እናቴ ፊት ስለነበር ለእኔ ከሕመሙ የባሰ ከባድ ነበር። ተሾመ አልተቆጣም። ሸሚዙን አስተካክሎ «እንግዲህ እስከ ጥር እጠብቃለሁ። ከጥር በኋላ ግን ወይ እንመጣለን፣ ወይ ትመለሻለሽ፣ ወይ...» አለና ሦስተኛውን ሳይጨርስ ወጣ። ጠመኔ የሚሰብረው ሰው ምንም ሳይሰብር መሄዱ አስደነገጠኝ።

በማግሥቱ ጋሽ ሁመድ በሩ ላይ ዳጉ አልጠየቀኝም። ሰላምታ ሰጠኝ፣ አለፍኩ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ከመስኮቴ ሳየው አስፋልቱ ዳር ተቀምጦ የሚያልፈውን አፋር ሁሉ እያስቆመ ይናገራል። ምን እንደሚል ሌላ ሠራተኛ ነገረኝ፦ የሰጠሁት ዳጉ ስህተት ነው፣ የነገረችኝ ሴት አላየችውም፣ ለነገርኳችሁ ሁሉ እንዲህ በሉልኝ ይላል። ሽማግሌው ዳጉው በሄደበት መንገድ ሁሉ ቃሉን መልሶ እየለቀመ ነበር። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንት አንዳንዱ ሰው እሱን ሳይጠይቀው ያልፍ ነበር። ይህን በዓይኔ አየሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ሄጄ ጎኑ ተቀመጥኩና ይቅርታ ጠየቅሁት። አልተቀየመኝም፤ ግን ቀለል አድርጎም አላለፈው። «ስሚ አስካለ» አለኝ፤ «ዳጉ ሁለት ነው። ያየሽው አለ፣ የሰማሽው አለ። የፈራሽው ዳጉ ውስጥ አይገባም።»

ይህን ሲለኝ አባቴ ትዝ አለኝ። «የሌለ ባቡር አታምጪብኝ።» ያን ቀን ብዙ አለቀስኩ፤ ስለ ሞት አልነበረም።

እንደገና ዳጉ እንዲጠይቀኝ ለመንኩት። እሱም ከሩቅ እንዳልጀምር፣ ማንም ሊክደው ከማይችለው እንድጀምር ነገረኝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን። አሁን ምን ታያለሽ? አሁን ምን ትሰሚያለሽ? ይለኛል። ቀላል ይመስላል፤ ሞክሩት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሐሳቤ ጥር ውስጥ ይገኛል፣ ወይ አባቴ ቃሬዛ ላይ ይገኛል። እሱ ግን ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንድ ቀን ሕመሙ እዚያው ያዘኝ። ያን ንግግራችንን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ምን አለ?» አለኝ።

«ልቤ ይመታል። በጣም ይፈጥናል።»

«ሌላስ?»

«እጄን አልቦኛል። ጣቴ ደንዝዟል።»

«ሌላስ?»

«ልሞት ነው።»

«አየሽው?»

ዙሪያዬን አየሁ። «አላየሁም» አልኩ።

«እሱን ተይው። ሌላስ ምን አለ?»

መኪና አለፈ። ነፋሱ የባንዲራውን ገመድ ከብረቱ ጋር ያጋጨዋል። ትንፋሼ ይገባል፣ ይወጣል። ያቺ የአዳማ ሐኪም የነገረችኝ ይኸው ነበር፤ እኔ ትንፋሼን ስከታተል ሞቴን እየጠበቅሁ ስለነበር ነው ያልሠራልኝ። ሕመሙ በራሱ ጊዜ መጣ፣ በራሱ ጊዜ ሄደ። እኔም ተነስቼ ሥራ ገባሁ።

ያን ሳምንት ኪኒኑን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ ሐኪሟን በስልክ አማክሬ ጀመርኩ። ይህን የምጽፈው ድንጋይ ላይ መቀመጥ ብቻ ያድናል እንዳትሉ ነው። መጀመሪያ ተመርመሩ፤ ልባችሁ በእውነት ታሞ ሊሆን ይችላል። ከተመረመራችሁ በኋላ ግን የተነገራችሁን ስሙ። እኔ አንዴ ተሽሎኝ አልቀረም፤ ኅዳር ላይ ሁለት ጊዜ ክፉኛ ያዘኝ። አንዱ ምሽት ላይ ብቻዬን ሳለሁ ነበር፤ ለግድግዳው ዳጉ ሰጠሁት።

ለገና አዋሽ ሄድኩ። ባቡሩ ቆሞ ነበር፤ ሃዲዱ መሐል ሣር በቅሎ ፍየሎች ይግጡታል። እናቴን ከምሳ በኋላ ስለ አባቴ ጠየቅኋት፤ ስለዚያ ቀን በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ጠይቄያት አላውቅም። ምን እንዳየች ብቻ እንድትነግረኝ ለመንኳት።

«ጠዋት ቁርስ በልቶ ወጣ» አለች። «ሁለት ቀን አተኩሶት ነበር፣ ዛሬ ብትቀርስ ብለው አልሰማኝም። ከዚያ አመጡት። ያየሁት ይኼን ነው።»

«ልቡ ነው ያለው ማን ነው?»

አሰበች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «እንጃ ልጄ። ሰው እንዲያ አለ። እኔም አልኩ።»

ትኩሳት ነበረው ማለት ነው። ወባ ሊሆን ይችላል፣ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፣ ልቡም ሊሆን ይችላል። የመረመረው ሰው የለም። ዕድሜ ልኬን ያቀፍኩት ፋይል ውስጡ ባዶ ነበር። በሌላ ነገር ልሞላው አሰብኩና ተውኩት። አባቴ በምን እንደሞተ አላውቅም። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገረው ትከሻዬ ቀለለኝ። ማታ ሲመሽ ሃዲዱ ጋ ሄጄ መዳፌን አሳረፍኩ። ምንም አይሰማም። ብቻዬን ቆሜ እሱን በጣም ናፈቅሁት፤ እንደ ዕጣዬ ሳይሆን እንደ አባቴ ስናፍቀው ከልጅነቴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጥር መጣ። አርባ ሰባት ሞላኝ። ልቤ ጠዋት ትንሽ ሮጠ፤ ከዚያ አረፈ። የካቲት ላይ ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ሲጀመር ተሾመና ምሕረት ፍራሽ፣ ምጣድና አንድ ካርቶን ደብተር ይዘው ሰመራ ገቡ። በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ሁመድ ከአንድ ወደ አዋሽ ከሚወርድ ሰው ጋር በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ሰው ፊት በእጁ አስቆመኝ።

«አስካለ፣ ምን አየሽ?»

ባሌና ልጄ ትናንት መጡ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ልጄ እቤት ተኝታ ትቻት መጣሁ አልኩት። ለሰውዬው በአፋርኛ ነገረው። ሰውዬው አንዴ እኔን አየና ተቀበለ።

በሳምንቱ ለእናቴ ደውዬ ላበስራት ስል ቀደመችኝ። ፋጡማ ከወተቱ ጋር አምጥታላታለች። «ያየችው ራሷ ናት ብላኛለች» አለችኝ እናቴ፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅና ዕንባ ነበር።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ አዋሽ ነው የምኖረው። እናቴ አርፋለች፤ አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል፤ የድሮው ጣቢያ አጥር ላይ ቡገንቪሊያው አሁንም አለ። ሕመሙ በዓመት አንዴ ሁለቴ ብቅ ይላል። እቀመጣለሁ፣ ያለውን እናገራለሁ፣ ይሄዳል። ፋጡማ አርጅታለች፤ ወተቱን የምታመጣው ልጇ ናት፤ እሷ የምትመጣው ለዳጉ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት መጥታ ሳትቀመጥ ቆየች። ጋሽ ሁመድ ሞቷል አለችኝ። እንዳስተማረኝ ጠየቅኋት፤ አየሽ ወይስ ሰማሽ? ሰምታ ነው፤ የሰማችውም ከቀበረው ከአማቹ ነው። ልቤ መሮጥ ጀመረ። እጄን ደረቴ ላይ አሳረፍኩ። አዎ፣ ይመታል፣ ይፈጥናል። ሕመም አልነበረም። ለጋሽ ሁመድ ነው የሚመታው፤ እንዲመታ ተውኩት።

ከቀትር በኋላ የጋሽ ሁመድ አገር ሰው የሆነ ሾፌር በደጃችን ሲያልፍ አስቆምኩት። ዳጉውን እንደተቀበልኩት ሳልጨምርና ሳልቀንስ፣ ከማን እንደሰማሁ ተናግሬ ሰጠሁት። ሊሄድ ሲል ጠብቅ አልኩትና ያየሁትን አንድ ነገር አከልኩለት፤ እኔን ከሞት የመለሰኝ እሱ ነው፣ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ።